ለመንገዱ ያላዋጣሁት ድንጋይ

መንገድ የሚሠራው በመሐንዲስ ነው ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ እምነታችሁን አልነካም። እኔም በደርግ ዘመን የሰፈራችን አስፋልት እንደገና ይሠራል ተብሎ እስኪነገረን ድረስ፣ መንገድ ማለት ሌላ ሰው ሠርቶት እኔ የምሄድበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ይኼ የንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያሳወቁኝ ሰዎች ደግሞ በነጻ አላሳወቁኝም።

ነፋስ ስልክን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም ብትሆኑ አቧራው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ከከተማ ወደ ደብረ ዘይት የሚወጣው አስፋልት ሰፈራችንን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ከአሰብ ወደብ የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ ተሳቢውን እየጎተተ የሚገባው በኛ ደጅ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠችው በረንዳዬ ላይ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ጥቂት ራቅ ብላ ነው። ተሳቢ ባለፈ ቁጥር እኔ ሳልነካት በራሷ ጊዜ አንድ ሁለቴ ትወጋለች። የአስፋልቱ ጉድጓዶች ከመክረማቸው የተነሳ ሾፌሮች በየስማቸው ያውቋቸው ነበር። «ውይይት» የምንላት ታክሲ፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባት፣ እነዚያ ጉድጓዶች ላይ ስትደርስ ውይይቱ ወዲያው በግንባር ወደ መጋጨት ይሸጋገራል።

አንድ ቀን፣ ጥር ወር ላይ፣ ግሬደር መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ሥራውን ትቶ ሊያይ ወጣ። ግሬደሩ የነበረውን አስፋልት ከነጉድጓዱ ፈነቀለና ሄደ። እኛ ምሳውን ሊበላ የሄደ መስሎን ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ግሬደሩ ምሳ ላይ ነው። የቀረልን አቧራው ብቻ ሆነ። ነጭ ፖፕሊን ይዞልኝ የመጣ ደንበኛ ልብሱን ሲረከብ ካኪ ሆኖ ያገኘዋል። ዘመኑ የካኪ ስለነበር ቅሬታ ያቀረበ ሰው የለም።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባ መቅረት የሚባል ነገር አልነበረም። የቀረ ሰው ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሊወስድ ሲሄድ፣ ባለሱቁ አይቶት እንደማያውቅ ሰው ያየዋል። ባለቤቴ አስካለ ስወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

«ስማ» አለችኝ፤ «ከኋላ ተቀመጥ። ሲያጨበጭቡ አጨብጭብ። አፍህን ግን እንዳትከፍት። ባለፈው ስለ ቧንቧ ጠይቀህ የቧንቧ ኮሚቴ አደረጉህ።»

«አፌን አልከፍትም» ብዬ ማልኩላት። ደግሞም አልከፈትኩም። አስካለ ስለ አፌ አስጠነቀቀችኝ እንጂ ስለ አንገቴ አላሰበችም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ ክፉ ሰው አልነበረም። ይኼን የምለው አሁን ስለማልፈራው ነው፤ ያኔም እለው ነበር፣ ያኔ ግን ስለምፈራው ነው። ማይክሮፎን የማያስፈልገው ድምፅ ነበረው፤ እሱ ግን ማይክሮፎኑን አይለቅም።

«ጓዶች! ይኼ መንገድ የማን ነው?» አለ።

መልስ አልጠበቀም።

«የሰፊው ሕዝብ ነው!»

አጨበጨብን።

«የሰፊው ሕዝብ ከሆነ፣ ለማሠራቱ ኃላፊነቱ የማን ነው?»

ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ስለገባን ጭብጨባው ሳሳ አለ። ጓድ ታፈሰ ግን በቁራጭ ጭብጨባ የሚመለስ ሰው አይደለም። መንግሥት ለመንገዱ ማሽኑን እንደሚያቀርብ፣ ሕዝቡ ደግሞ በአብዮታዊ ስሜት ተነሳስቶ ገንዘብና ድንጋይ እንደሚያዋጣ አስረዳን። መነሳሳታችንን የሰማነው ከሱ ነው። ገንዘቡን ያላዋጣ ስኳር አያገኝም። ድንጋዩ ደግሞ በአባወራ ሦስት ሦስት ባሬላ ነው። ባሬላ እንግዲህ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ይዞ የሚሸከማት፣ ሁለት እንጨት ላይ የተመታች፣ ዳር ዳሯ ከፍ ያለ ጣውላ ናት።

በዚህ መሀል ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ተነሳ። ከኔ በረንዳ አጠገብ ምስማር፣ ማጠፊያና ክር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ነጋዴ ደግሞ ዕቃው ድንጋይም ቢሆን ሚዛኑን ሳያጣራ አይተኛም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባሬላው ሲባል ከአፉ የተስተካከለ ነው ወይስ የተቆለለ?»

አዳራሹ ተንጫጫ። እኩሉ «የተስተካከለ» ይላል፣ ጎረቤቱ ከሱ ያነሰ እንዳያዋጣ የፈራው እኩሌታ «የተቆለለ» ይላል። ጓድ ታፈሰ ጠረጴዛውን መታ።

«ማንም እንዳይበድል ማንም እንዳይበደል በሜትር ይለካል! ሜትር ያለው ማነው?»

እንደ ማልኩት አፌን ገጥሜ ወለሉን አየሁ። ማንም አለኝ ሳይል ሲቀር ቀና ብል ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ፊቴን አይደለም፣ ከፊቴ ዝቅ ብሎ ነው። እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ከሥራ በቀጥታ ስመጣ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ መጥቻለሁ። እንደ ሊሻን ተንጠልጥሎ ደረቴ ላይ ይወዛወዛል።

«ጓድ ልብስ ሰፊ!» አለ ጓድ ታፈሰ ደስ ብሎት፤ «ተዘጋጅተህ ነው የመጣኸው!»

በሙሉ ድምፅ የድንጋይ ርክክብ ኃላፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ጭብጨባው ያን ቀን ከነበረው ሁሉ የሞቀ ነበር። ሰው እንዲያ በሙሉ ልቡ የሚያጨበጭበው እሱ ላይ ያልወደቀ ነገር ሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ነው። ጓድ ታፈሰ በዚያው ስሜት ውስጥ ሆኖ አንድ ደግነት ጨመረልኝ፤ ኃላፊው በጉልበቱና በሜትሩ ስለሚያገለግል ከድንጋይ መዋጮ ነጻ ነው አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ይቺ የመጨረሻዋ አስደሰተችኝ። ምክንያቱም ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ነበረኝ። ዕቁቤ ሲደርሰኝ የገዛሁት፣ አንድ ገልባጭ መኪና ሙሉ ጥቁር ድንጋይ፤ ጥርብ ባይሆንም እንዲያ ያለ ጥሩ ድንጋይ። እናቴ ቡልጋ ብቻዋን ናት። ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ጣራዋን የሚከድንላት ሰው የለም። ያለፈውን ክረምት አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተተች ነው ያሳለፈችው። እኛ ደግሞ ያለን አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ናት፤ ልጆቼ አንዱ የሌላውን እግር ተንተርሶ ነው የሚያድረው። «ክረምቱ ሳይገባ አንዲት ክፍል ሠርቼ አመጣሻለሁ» ብዬ ልኬባታለሁ። እናቴ ይኼን ከሰማች በኋላ ዶሮዎቿን ሸጣለች። ዶሮ የሸጠች የገጠር ሴት ደግሞ ሐሳቧን አትቀይርም።

እሑድ ርክክቡ ተጀመረ። ከተፈነቀለው አስፋልት ዳር፣ ከበረንዳዬ ትይዩ፣ ባዶ ቦታ ተሰጠኝ። ሰው በባሬላ እያመጣ ይዘረግፋል፣ እኔ እለካለሁ፣ ጓድ ታፈሰ የአባወራውን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፣ የተሰበሰበው ያጨበጭባል። ድንጋይ ለክቼ አላውቅም። የማውቀውን አደረግሁ፤ ወገቡን ያዝኩት፣ ከዚያ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ለካሁ። አንድ ሁለት ክምር ላይ ከልማዴ «ቀጥ በል» ብያለሁ።

በመጀመሪያው እሑድ ክምሩ ደረቴ ጋ ደረሰ። በሁለተኛው እሑድ ብዙ ሰው አስረከበ፤ ክምሩ ደረቴ ጋ ነው። በሦስተኛው እሑድ ከዚያ የበለጠ ሕዝብ አስረከበ፣ ከዚያ የበለጠ ተጨበጨበ፣ ክምሩ ወደ ሆዴ ወረደ። መጀመሪያ ድንጋዩ እየሰመጠ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ እኔ እየረዘምኩ እንደሆነ ራሴን ጠረጠርኩ። የራሴን ቁመት በራሴ ሜትር ለክቻለሁ፤ ምንም አልጨመርኩም።

ነገሩን ያስጠረጠረኝ አንድ ድንጋይ ነው። ጥቁር ሆኖ መሀሉን ነጭ መስመር ዞሮታል፣ ልክ ቀበቶ የታጠቀ ይመስላል። መጀመሪያ ያመጣው አንድ ጡረተኛ ነበር። በሳምንቱ ያው ባለቀበቶ ድንጋይ በእትዬ ዘነበች ባሬላ ላይ መጣ። እትዬ ዘነበች ከመንገዱ ማዶ ጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። በሌላው ሳምንት በጋሽ ሸምሱ ባሬላ ተጭኖ ደረሰ። እንደምን ከረምክ ልለው ምንም አልቀረኝም። ከኔ የበለጠ ዘመቻ የወጣ ድንጋይ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ውስጥ የውይይት ክበብ አለን። ያን ሰሞን የምንወያየው ስለ ሶሻሊስት ንብረት አጠባበቅ ነበር። ሆዴን አመመኝ ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁና ወደ ክምሩ ሄድኩ። እንደጠረጠርኩት ነው። በጠራራ ፀሐይ እትዬ ዘነበች ባሬላውን ከፊት፣ ጋሽ ሸምሱ ከኋላ ይዘው ድንጋይ እየመረጡ ይጭናሉ። አመራረጣቸው ራሱ የገበያ ነው፤ ያነሱታል፣ ያገላብጡታል፣ ካልተመቻቸው ይመልሱታል።

እትዬ ዘነበች አየችኝ። «ውይ በሞቴ! ውይይቱ አለቀ እንዴ?»

«እትዬ ዘነበች፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«መዋጯችንን ነዋ የምናዘጋጅ።»

«አስረክባችሁ የለም እንዴ?»

«እኔስ አስረክቤያለሁ። ይኼ የእህቴ ነው። ባሏ ዘምቷል፤ ከየት ታምጣ?»

ጋሽ ሸምሱ ባሬላውን አስቀመጠና እጁን አራገፈ። ድንጋጤ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም።

«ወንድሜ፣ በረጋ መንፈስ እንነጋገር» አለ። «ይኼ ድንጋይ የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«ወስጄ የምሰጠው ለማን ነው?»

«ለመንግሥት።»

«እንግዲህ ወላሂ ንገረኝ፣ መንግሥት ምን ጎደለበት?»

መልሱን ይኼው እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው?» አልኩ።

«ኧረ ሁሉም አይደለም» አለች እትዬ ዘነበች፣ በሐዘኔታ ራሷን እየነቀነቀች። «የመጀመሪያዎቹ ከየት ይውሰዱ? እነሱማ ገዝተው ነው። አንጀቴን ይበሉኛል።»

እንግዲህ ሄጄ ለጓድ ታፈሰ ብናገር ምን ሊከተል እንደሚችል ታውቃላችሁ። ዘመኑ ድንጋይ ጠፋ ተብሎ ድንጋይ የሚፈለግበት አልነበረም፤ የሚፈለገው ሰው ነበር። እትዬ ዘነበች አስካለ በወለደች ጊዜ ገንፎ ያገነፋች፣ አራስ ያረሰች ሴት ናት። ጋሽ ሸምሱ በዱቤ ክር የሚሰጠኝ ጎረቤቴ ነው። ቀሪውም ያው የማውቀው ሕዝብ ነው፣ የእያንዳንዱን ወገብ ለክቻለሁ። ዝም አልኩ። በዚያ ላይ ባሬላው ከብዷቸው ስለነበር አንድ ጊዜ አነሳሳኋቸው። ይኼንን ለአስካለ አልነገርኳትም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጓድ ታፈሰ ቢሮው አስጠራኝ። ከቀበሌያችን በላይ ከፍተኛ የሚባለው ጽሕፈት ቤት አለ። ከዚያ የሚመጡ ጓዶች እሑድ ጠዋት ክምሩን ሊጎበኙ ነው። ጓድ ታፈሰ በሩን ዘጋና ለመጀመሪያ ጊዜ በዝቅተኛ ድምፅ አናገረኝ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት።

«ጓድ፣ አባወራው በሙሉ መቶ በመቶ አስረክቧል ብለን ሪፖርት አድርገናል።»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ዛሬ በዚያ ሳልፍ ክምሩን አየሁት። መቶ በመቶ አይመስልም።»

«ድንጋይ ሲቆይ... ይተኛል።»

«የለካኸው አንተ ነህ» አለኝ። «ሪፖርቱ ሄዷል። የሄደ ሪፖርት አይመለስም። የጎደለው ድንጋይ እሑድ ካልተገኘ ድንጋዩን ያጎደለ ሰው ይፈለጋል። አሻጥር የሚባለውን ቃል እኔ አልተናገርኩም። እነሱ ግን ይናገሩታል።» ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረ፣ ይኼን ሲል ፊቱ ላይ የራሱም ፍርሃት ነበር፤ «እኔን ደግሞ ልብስ ሰፊውን ማን ሾመው ይሉኛል።»

ቤቴ ስደርስ አስካለ ግቢ ውስጥ፣ ለእናቴ ክፍል ሊሆን ከተቆለለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«የጎደለው ምን ያህል ነው?» አለችኝ።

«የእናቴን ክፍል ያህል።»

ምስሩን አስቀመጠች። «እናትህ ዘንድሮም ዝናብ ላይ ትተኛ?»

«እኔ እስር ቤት ብተኛ ይሻላል?»

«የእስር ቤቱ ጣራ እንኳ አያፈስም!» አለችና ጮኸችብኝ። ቀጥላም አለቀሰች። እኔም የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ግን ያን ያህል እንኳ አልቻልኩም። ልጆቻችንን ጠርታ ከድንጋዩ ላይ እንዲወርዱ አደረገች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሳችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእናቴን ክፍል ወደ መንገዱ አጋዝነው። ሰፈሩ ደጋፊ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ጋሽ ሸምሱ አዲስ ባሬላ አዋሰኝ። እትዬ ዘነበች አንድ ገንቦ ጠላ ላከች። ከክምሩ የወሰዱት ሁሉ መጥተው አብረውኝ ተሸከሙ፤ «አይዞህ»፣ «ቀስ በል ወገብህን»፣ «ይቺን እኔ ልያዝልህ»። ድንጋዩ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ሲያልቅ አጨበጨቡልኝ። ክምሩ ከራሴ በላይ ሆነ።

እሑድ ጠዋት ጎብኚዎቹ በላንድሮቨር መጡ። ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆሞ ግራ እጁን አነሳ። መኪናው ክምሩ አጠገብ ቀስ አለ፣ አንድ መስኮት ዝቅ አለ፣ አንድ መነጽር ወጣ፣ ክምሩን አየ፣ «ጥሩ ነው» አለ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ። ከመኪናው የወረደ ሰው የለም። መኪናው ይዞት ከሄደው አቧራ ለኛ የተወልን ይበልጣል። የእናቴ ክፍል የታየችው ያን ያህል ጊዜ ነው። ስደነግጥ የከረምኩት ለአንድ መነጽር መሆኑን ሳስብ ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ እፎይ አልኩ፤ ሁለቱ ስሜቶች ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ እየተፈራረቁ አብረውኝ ዋሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ማክሰኞ ግን ግሬደሩ ከምሳው ተመለሰ። ከሱ ጋር ባርኔጣ ያጠለቀ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ክምሩን ዞሮ አየው፣ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«ይኼን ያመጣው ማነው?»

«ሰፊው ሕዝብ!» አለ ጓድ ታፈሰ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ለምን?»

ይኼ ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ በቀበሌያችን ተጠይቆ አያውቅም። መሐንዲሱ ቀጠለ። ለመንገዱ የሚሆነው ከወፍጮ የሚመጣ የተፈጨ ጠጠር ነው፤ በገልባጭ ተጭኖ እየመጣ ነው፤ ይኼ ድንጋይ ለምንም አይሆንም፤ እንዲያውም የግሬደሩን መዞሪያ ዘግቷል። ዛሬውኑ ይነሳ አለ። ገንዘቡስ ይመለሳል ወይ ብሎ ከሕዝቡ መሀል የጠየቀ ሰው ነበር። ገንዘቡ አይመለስም፤ ገንዘብ የግሬደር መዞሪያ አይዘጋም።

ጓድ ታፈሰ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ተፈጥሮው ተመለሰለት። «ጓዶች! አብዮቱ የሕዝቡን ንብረት ለሕዝቡ ይመልሳል! እያንዳንዱ አባወራ ያስረከበውን ሦስት ሦስት ባሬላ መልሶ ይረከባል! ጓድ ልብስ ሰፊ፣ ሜትርህን!»

ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። ቆሜ መለካት ጀመርኩ። ስም ይጠራል፣ ሦስት ባሬላ ይሞላል፣ ይሄዳል። ክምሩ ሲያንስ የእናቴን ድንጋዮች አንድ በአንድ አውቃቸው ጀመር። ሲመጡ አልተለኩም ነበር፣ ሲሄዱ እኔው በእጄ ለካኋቸው። አስካለ በረንዳው ላይ ቆማ ታየኛለች። ወደሷ ላለማየት ድንጋዩን በጣም በጥንቃቄ ለካሁ፤ ቀበሌው እንዲያ የተጠነቀቀ አለካክ አይቶ አያውቅም።

የጋሽ ሸምሱ ተራ ደረሰ። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «ያንተ መሆኑን አውቃለሁ» አለኝ። «ግን ሦስቴን ካልወሰድኩ ያላዋጣሁ እመስላለሁ። ምን ላድርግ?»

«ውሰድ» አልኩት። ሁሉም እንደዚሁ በጆሮዬ ይቅርታ ጠይቆኝ ወሰደ። እትዬ ዘነበች እንባዋን እየጠረገች የሷንም የእህቷንም ወሰደች።

በመጨረሻ ክምሩ አለቀና እኔና ሜትሬ ባዶ ቦታ ላይ ቀረን። ድፍረት ሰብስቤ ወደ ጓድ ታፈሰ ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የኔስ?»

«የምን ያንተ?»

«ከድንጋዩ።»

ጓድ ታፈሰ ከልቡ ግራ ገብቶት አየኝ። ድንጋዩ ቅዳሜ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም ነበር፤ አሁንም ማወቅ አልፈለገም። «አንተኮ ነጻ ነህ። አላዋጣህም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቅዳሜ ያመጣሁት ድንጋይ አለ ብል ቅዳሜ ለምን አስፈለገ ሊባል ነው። ስለዚህ «ልክ ነው፣ ጓድ» ብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

መንገዱ ተሠራ። ጠጠሩ መጣ፣ ዳምጠው እየተንከባለለ ዳመጠው፣ ሬንጁ ፈሰሰ። ለጥ ያለ አስፋልት ወጣው፤ የስፌት መኪናዬም ካለኔ ፈቃድ መውጋቷን ተወች። ከሰፈራችን አንድ ጠጠር እንኳ አልገባበትም፤ በምርቃቱ ቀን ግን የሕዝብ ተሳትፎ ውጤት ነው ተብሎ አጨብጭበናል።

ሰዎቹ ተሸክመው የሄዱትን ድንጋይ ያልመለሱልኝ ከፍተው እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ሸምሱ መጥቶ አስረድቶኛል። «ልመልስልህ ነበር» አለኝ፤ «ግን ነጻ የተባለ ሰው ግቢ ውስጥ ድንጋይ ቢታይ ከየት አመጣው አይባልም? ያስጠይቅሃል። እኔ ጋ በአደራ ይቀመጥ።» ሌሎቹም ከዚህ ፍራቻ የተነሳ የየድርሻቸውን በአደራ ለሱ አስቀመጡ፤ እሱም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ ምስማር ሰጣቸው። በአደራ የተቀመጠ ድንጋይ ደግሞ ክምር ሆኖ ሜዳ ላይ ከሚበተን ግድግዳ ሆኖ ቢቆም ይሻላል። ጋሽ ሸምሱ ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል አድርጎ አቆመው። ቆንጆ ክፍል ናት፣ ቆርቆሮዋ አዲስ ነው።

እናቴ ሰኔ ሲገባ ዶሮ የሌላት ሴት ሆና መጣች። ሁለት ሌሊት በልጆቼ እግሮች መሀል ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሸምሱ ራሱ መጣ። በሕግ ቤት ማከራየት የተከለከለ ነው፤ እሱ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው፤ ስለዚህ አያከራየኝም። እንዲሁ በጉርብትና እናቴ ክፍሏ ውስጥ ትኑር፣ እኔም እንዲሁ በጉርብትና የቤተሰቡን ልብስ በሙሉ እሰፋለሁ። ጋሽ ሸምሱ ልጆች ይወዳል፤ አሥር ቢሞሉም አያቆምም።

ጋሽ ሸምሱ እናቴን ቀበሌ ሊያስመዘግባት ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። ጓድ ታፈሰ ብዕሩን አነሳ።

«ማን ናት?»

«አክስቴ ናት» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ስም?»

«ወለተ ማርያም።»

ጓድ ታፈሰ ቀና አለ። «ጓድ ሸምሱ፣ አክስትህ ወለተ ማርያም ናት?»

«አብዮቱ በሃይማኖት ሰውን ይለያል እንዴ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

ጓድ ታፈሰ መዘገበ።

ክረምቱ የገባ ለታ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲያባራ፣ እናቴን ልጠይቃት ሄድኩ። ክፍሏ ደርቃለች። አልጋዋ ጥግ ላይ ነው፤ የትም አልጎተተችውም። ይኼን ሳይ ያኔ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ፤ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ድንጋዩን ትዳስሳለች፣ በጎን ደግሞ ጋሽ ሸምሱን ትመርቃለች።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው የጨዋ ልጅ ነው» አለችኝ። «እየው፣ ለባዳ ሴት ብሎ እንኳ ድንጋይ አልሰሰተም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። አንተንም አንድ ቀን ለሰው የምትተርፍ ያድርግህ።»

«አሜን» አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ለልጆቹ የሚሰፋ ጨርቅ በክንዱ አቅፎ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከኔ ይልቅ ጮክ ብሎ «አሚን!» አለና ጨርቁን አስታቀፈኝ።